ሁለተኛው ገመድ ደጀን የሚሆነው መቼ ነው?

ዛፍ ላይ ወጥቶ በሞተር መጋዝ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው ሕይወቱን የያዙለት ነገሮች ሁሉ ከመጋዙ በክንድ ርቀት ውስጥ ናቸው። የተንጠለጠለበት ገመድ በፊቱ ይወርዳል፤ ከግንዱ ጋር ያያዘው ላንያርድ በወገቡ ከፍታ ግንዱን ዞሮ ይመለሳል፤ መጋዙ ደግሞ እጁ ላይ ነው። ሰንሰለቱ በሙሉ ኃይል ሲሠራ በሰከንድ 20 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሮጣል። ሸክም ይዞ የተወጠረ ገመድ እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ከነካ ወዲያው ይበጠሳል፤ እጅን ለመመለስ የሚሆን ፋታ የለም።

ስለዚህ የሙያው ሀሁ «በአንድ ነገር ብቻ ታስረህ መጋዝ አታስነሳ» የሚል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውና በየጊዜው የሚሻሻለው የአሜሪካ የዛፍ ሥራ ደኅንነት ደንብ፣ አንሲ ዜድ 133፣ ዛፍ ላይ የሞተር መጋዝ የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ ከመውጫ ገመዱ ሌላ በሁለተኛ ማሰሪያ እንዲያዝ ያዛል። ብዙ ጊዜ ያ ሁለተኛ ማሰሪያ ላንያርዱ ነው።

ትእዛዙ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። በሥራው የቆዩ ሰዎች ግን ቁጥር ቆጥረው አይረኩም። የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ የመጀመሪያውን የሚጥለው ነገር ሁለተኛውንስ አብሮ አይጥለውም? ሁለት ገመድ ደጀን የሚሆነው ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲኖረው ብቻ ነው። ከዚህ በታች ጥያቄውን ይዘን ከዕቃ ወደ ዕቃ እንሄዳለን።

ዕቃዎቹ

ሃርነስ የሚባለው ወገብንና ሁለቱን ጭኖች አንድ ላይ የሚይዝ መታጠቂያ ነው። የዛፍ ሠራተኛ ለሰዓታት ተቀምጦበት ስለሚውል ከተራራ ወጪዎቹ ሃርነስ ሰፋና ደልደል ይላል። በግራና በቀኝ ጎኑ የብረት ቀለበት አለው፤ ከፊት ደግሞ ብሪጅ የምትባል አጭር ገመድ ተዘርግታበታለች። የመውጫው ገመድ የሚያያዘው ብሪጇ ላይ በምትንሸራተት ቀለበት ነው።

የመውጫው ገመድ ከላይ በጠንካራ ባላ ላይ ያልፋል። በአሜሪካው ደንብ መደበኛው ውፍረት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ አዲስ ሳለ የሚበጠስበት ኃይል ደግሞ ቢያንስ 24 ኪሎ ኒውተን ነው። አንድ ኪሎ ኒውተን 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ሲንጠለጠል የሚስበውን ያህል መሆኑን ካስታወስን፣ 24 ማለት ወደ 2.4 ቶን ገደማ ነው። ገመዱ ሲቋጠር ግን ጥንካሬው ይቀንሳል፤ እንደ ቋጠሮው ዓይነት ከሩብ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ሊያጣ ይችላል። ትልቁ ቁጥር የተቀመጠውም ለዚህ ዓይነቱ ቅናሽ ጭምር ነው።

ሰውየውን ገመዱ ላይ የሚያቆመው የሚነክስ ቋጠሮ ነው። ከሁሉ የታወቀው ኦስትሪያዊው ተራራ ወጪ ካርል ፕሩሲክ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀውና በስሙ የሚጠራው ፕሩሲክ ነው። ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ ይጠመጠማል፤ ሸክም ሲያርፍበት ይነክሳል፤ ሸክሙ ሲነሳለት ይንሸራተታል። ዛሬ የዛፍ ሠራተኞች ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ሌሎች ቋጠሮዎችን፣ ወይም ሥራውን በብረት የሚሠሩ መሣሪያዎችን ይጠቀማሉ።

ላንያርድ ደግሞ አጠር ያለ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ገመድ ነው። የመብራት ሠራተኛ የእንጨት ምሰሶ ላይ ወጥቶ ወገቡን ከምሰሶው ጋር አቅፎ የሚይዝበትን ጠፍር ያየ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል። የላንያርዱ አንድ ጫፍ በሃርነሱ ጎን ቀለበት ላይ ይያያዛል፤ ገመዱ ግንዱን ይዞራል፤ በሌላው ጎን ደግሞ በሚነክስ ማስተካከያ በኩል አልፎ ይወጠራል። ሠራተኛው ሁለት እጁን ፈትቶ የሚሠራው በዚህ ነው።

አንዳንዱ ላንያርድ በውስጡ የብረት ሽቦ አለው። ሽቦው ገመዱን ስለሚያጠነክረው በወፍራም ግንድ ዙሪያ ለመወርወር ይመቻል፤ የእጅ መጋዝንም ይቋቋማል። ይሁንና ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ሽቦው የሞተር መጋዝን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያስቆመውም። ሁለተኛ፣ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የመብራት መስመር አጠገብ ለመጋዝ መከላከያ ተብሎ የተመረጠው ሽቦ ራሱ አደጋ ይሆናል። አንድን አደጋ የሚከላከል ዕቃ ለሌላው በር ሊከፍት እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ላንያርድ ያቆማል እንጂ አይቀልብም

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ላንያርድ የተሠራው ሰውን በቦታው አጽንቶ ለመያዝ ነው፤ ከአየር ላይ የሚወድቅን ሰው ለመቅለብ አይደለም። ልዩነቱን በቁጥር እንየው።

80 ኪሎ የሚመዝን ሠራተኛ ላንያርዱን አላልቶ ቆሞ ሳለ እግሩ ተንሸራቶ 1 ሜትር ወደቀ እንበል። የማይለጠጠው የብረት ሽቦ ላንያርድ በ5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቢያስቆመው፣ በሰውነቱ ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ከ16 ኪሎ ኒውተን ይበልጣል፤ ከ1.6 ቶን በላይ ማለት ነው። ያው ሰው ያንኑ 1 ሜትር ወድቆ ግማሽ ሜትር በሚለጠጥ ነገር ቀስ እያለ ቢቆም ግን ኃይሉ ወደ 2.4 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። በእርግጥ ሃርነሱም ሰውነቱም ጥቂት ስለሚሰጡ የመጀመሪያው ቁጥር በተግባር ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ልዩነት ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ሙሉ ሃርነስ በለበሰ ሰው ላይ ከ8 ኪሎ ኒውተን በላይ እንዳያርፍ ይከለክላል፤ የአውሮፓ መለኪያ ደግሞ ለምት ማብረጃዎች የሚፈቅደው 6 ኪሎ ኒውተን ነው።

ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ላንያርዱ ምንጊዜም ይወጠር፤ ግንዱን የሚይዝበት ቦታ ከወገብ በታች አይውረድ፤ ላላ ብሎ የተንጠለጠለ ላንያርድ እንደ ታሰረ አይቆጠር። የመውጫው ገመድም እንዲሁ ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ገመዱን ከኋላው አላልቶ የተወ ሠራተኛ በሁለት ነገር ታስሯል ቢባልም፣ ላንያርዱ በመጋዝ ቢቆረጥ መጀመሪያ የሚገጥመው ነፃ ውድቀት ነው። ሁለቱም ሲወጠሩ አንዱ ቢሄድ ሸክሙ ወደ ሌላው የሚተላለፈው ያለ ዝላይ ነው።

ሁለቱ አንድ ሲሆኑ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል ተረታችን። ለጉልበት እውነት ነው፤ ለደጀን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ደጀን የሚፈለገው ከመጀመሪያው ጋር እንዲያብር አይደለም፤ ከመጀመሪያው ተለይቶ እንዲቆም ነው። ዛፍ ላይ ሁለት ገመዶች ሳይታወቅ ወደ አንድ የሚለወጡባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን እንይ።

የመጀመሪያው አንድ ቅርንጫፍ ነው። የመውጫው ገመድም ላንያርዱም በዚያው ባላ ላይ ካለፉ፣ ባላው ሲገነጠል ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እንጨቱ ውስጡ የበሰበሰ፣ በፈንገስ የተያዘ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሦስት ገመድ መጨመርም ነገሩን አይለውጠውም። ለዚህ ነው ሠራተኞች ከመውጣታቸው በፊት ከመሬት ሆነው ዛፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚመረምሩት፣ ገመዱንም ሁለት ሆነው ተንጠልጥለው የሚሞክሩት።

እዚህ ላይ አንድ የስሌት ወጥመድም አለ። አንዳንድ ጊዜ ገመዱ ከላይ በባላው አልፎ ወደ መሬት ይመለስና ከግንዱ ሥር ይታሰራል። እንዲህ ሲሆን ባላው የሚሸከመው የሰውየውን ክብደት ብቻ አይደለም፤ በታሰረው ወገን ያለው ውጥረትም ይጨመርበታል፤ 80 ኪሎ የሚመዝነው ሰው ባላው ላይ ወደ 160 ኪሎ ይጠጋል። በዚያ ላይ ሥር የታሰረው ገመድ መሬት ላይ መጋዝ ይዞ ከሚሠራው ባልደረባ ፊት ነው የሚውለው።

ሁለተኛው አንድ ማያያዣ ነው። ሁለቱም ገመዶች በብሪጇ ላይ ባለችው በአንዲት ቀለበት ከተያዙ ሁለቱም በብሪጇ ዕድሜ ይኖራሉ። ብሪጅ ቀኑን ሙሉ የሚታሽ ገመድ ነው፤ ከሃርነሱ ክፍሎች ሁሉ ቶሎ የምታልቀውም እሷ ናት። ላንያርዱን በጎን ቀለበቶች ላይ ማያያዝ ይህን ጥገኝነት ይቆርጠዋል።

ሦስተኛው አንድ የመጋዝ መንገድ ነው። ገመዱና ላንያርዱ ጎን ለጎን፣ በአንድ አቅጣጫ ከተዘረጉ አንዲት የመጋዝ ንጥቀት ሁለቱንም ታገኛለች። ስለዚህ የሚያስተምሩ ሰዎች ተማሪው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ሁለቱን ማሰሪያዎች በእጁ እየነካ የት እንዳሉ እንዲናገር፣ ከዚያም መጋዙ ቢያመልጥ ወዴት እንደሚሄድ እንዲያሳይ ያደርጉታል።

አራተኛው አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፔትዝል የተባለው የፈረንሳይ አምራች፣ የፕሩሲክን ሥራ በብረት የሚሠራውን ዚግዛግ የተባለ ምርቱን ከላይኛው ማያያዣ ቀዳዳ አካባቢ ችግር በመገኘቱ ከገበያ ሰብስቧል፤ ተጠቃሚዎችም ወዲያው መጠቀም እንዲያቆሙ አሳስቧል። በኋላ ተሻሽሎ ተመልሷል። ትምህርቱ ግን የማይረሳ ነው፦ በሁለቱም ገመዶቹ ላይ አንድ ዓይነት መሣሪያ የሚጠቀም ሰው የፋብሪካ ጉድለት ሲመጣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያጣል።

ሐሳቡ በእኛም አገር አዲስ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ወደሚገኘው ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ቀጥ ያለ ገደል የሚወጣው አንድ የቆዳ ገመድ በእጁ ይዞ ነው። ሌላ ገመድ ደግሞ ወገቡ ላይ ይታሰርና ከላይ ያለው መነኩሴ እየሳበ ይይዝለታል። የወጪው እጅ ቢዝል የመነኩሴው እጅ አለ። ሁለቱ ገመዶች ሥራቸው ይለያያል፤ የያዛቸውም ሰው ይለያያል።

በእንግሊዝ ይኸው መርህ በሕግ ሰፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የከፍታ ሥራ ደንብ በገመድ የሚሠራ ሰው በየራሳቸው የታሰሩ ሁለት ገመዶች እንዲኖሩት ይጠይቃል፤ በአንድ ብቻ መሥራት የሚፈቀደው ሁለተኛው ገመድ አደጋውን የሚያብስ መሆኑ በግምገማ ሲረጋገጥ ነው። የዛፍ ሠራተኞች ለብዙ ጊዜ በአንድ የመውጫ ገመድና በላንያርድ ሲሠሩ ስለነበር፣ ሁለት ሙሉ የመውጫ ገመድ ተጠቀሙ ሲባሉ በመካከላቸው ብርቱ ክርክር ተነሥቷል። ሁለት ገመድ በቅርንጫፎች መካከል ይጠላለፋል፣ ያደክማል፣ ትኩረት ይሰርቃል የሚሉት መሠረት የሌለው ነገር አልተናገሩም። ክርክሩ የሚያሳየው ደጀን ራሱ ዋጋ እንዳለው ነው፤ የሚጨመረው ገመድ ከሚያስቀረው አደጋ የበለጠ ውጥንቅጥ እንዳያመጣ መመዘን ያስፈልጋል።

ትናንሾቹ ብረቶችና ቋጠሮዎች

ገመድ የሚበጠስ ይመስለናል፤ በተግባር ግን የሚያሰጋው አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያው ነው። ካራቢነር ምላሷ የምትከፈትና የምትዘጋ የብረት ማያያዣ ናት። በርዝመቷ ስትሳብ ከ20 ኪሎ ኒውተን በላይ ትሸከማለች፤ የአሜሪካው የዛፍ ሥራ ደንብ 22 ይፈልጋል። ተጣማ ወደ ጎን ስትሳብ ወይም ምላሷ ተከፍቶ ሳለ ሸክም ሲያርፍባት ግን አቅሟ ወደ 7 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ያቺው ብረት በአቀማመጧ ብቻ ሁለት ሦስተኛውን ጉልበቷን ታጣለች ማለት ነው።

ምላሷም በራሷ ልትከፈት ትችላለች። ገመድ ሲታሽባት፣ ቅርንጫፍ ሲገፋት ወይም በቀለበት ላይ ስትዞር ማለት ነው። ኦሻ ለግንባታ ሥራ ባወጣው ደንብ ራሱን የማይቆልፍ መንጠቆ ለውድቀት መከላከያ እንዳይውል ከጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። በዛፍ ሥራ ካራቢነሯ ራሷን መቆለፍ አለባት፤ ምላሷ ከመከፈቷ በፊትም ሆን ተብለው የሚደረጉ ሁለት ተከታታይ እንቅስቃሴዎች ያስፈልጋሉ። ይህም ቢሆን በዓይንና በጆሮ ማረጋገጥን አያስቀርም። ሲቆለፍ የሚሰማውን ድምፅ ማዳመጥ፣ ከዚያም ምላሷን በአውራ ጣት ገፍቶ መሞከር ልማድ ነው። ድምፁ ተሰምቶ ምላሷ ከሃርነሱ ጨርቅ ጋር ተጣብቃ ያልተዘጋችበት ጊዜ አለ።

የሚነክሰው ቋጠሮ ጠላቱ ሙቀት ነው። ሠራተኛው በገመዱ ላይ በፍጥነት ሲወርድ ፍትጊያው ቋጠሮውን ያግለዋል። ዳይኒማ በሚል ስም የሚሸጠው ቀጭንና ጠንካራ ክር 145 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፖሊስተር ከ250 ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ አራሚድ የተባለው ክር ደግሞ ሳይቀልጥ ከዚህም እጅግ የበለጠ ሙቀት ይችላል። ለቋጠሮ የሚመረጡ ገመዶች ብዙዎቹ ልባሳቸው አራሚድ የሆነው ለዚህ ነው። ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ማንኛውንም ቀጭን ገመድ ለፕሩሲክ መጠቀም በጥንካሬ ቁጥር መታለል ነው።

ከደጀኖች ሁሉ ርካሹ ምንም ዋጋ የለውም፤ የጫፍ ቋጠሮ ነው። በመውጫው ገመድና በላንያርዱ ነፃ ጫፍ ላይ ወፈር ያለ ቋጠሮ ይደረጋል። ሠራተኛው እየወረደ ገመዱ ሳይታወቀው ቢያልቅ፣ ወይም ላንያርዱን እያላላ ጫፉ በማስተካከያው ሊሾልክ ቢል፣ ቋጠሮው ይገታዋል። ይህ ደጀን ጥያቄያችንን በትክክል ይመልሳል፤ የሚያስቆመው የመሣሪያ ስብራትን ሳይሆን የሰው መዘንጋትን ነው።

ቅርንጫፍ ሲያልፉ

ሰው ዛፍ ላይ ያለ ማሰሪያ የሚቀርበት ዋናው ጊዜ የሚሠራበት ጊዜ አይደለም፤ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያልፍበት ነው። አንድ ሠራተኛ የመውጫ ገመዱን ገና ባላ ላይ ሳያሳልፍ በግንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ላንያርዱን ግንዱ ላይ እየገፋ ይሄዳል። ከዚያ ወፍራም ቅርንጫፍ ይገጥመዋል። ላንያርዱ ቅርንጫፉን ማለፍ ስለማይችል መፈታት አለበት። ፈትቶ ከላይ እስኪያስረው ድረስ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች በእጁ ጉልበት ብቻ የሚያልፉ ናቸው። ሰው በግማሽ ሰከንድ ከ1 ሜትር በላይ ይወድቃል፤ «ቶሎ አስረዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ከዚህ አይፈጥንም።

መፍትሔው ሁለተኛ ላንያርድ ነው። ሠራተኛው ቅርንጫፉ ሥር ሲደርስ በመጀመሪያው ላንያርድ ተደግፎ ይቆማል። ሁለተኛውን ላንያርድ ከቅርንጫፉ በላይ በግንዱ ዙሪያ ይወረውርና ጫፉን ይቀበላል። በጎን ቀለበቱ ላይ ያያይዘዋል፤ መቆለፉን ያዳምጣል፣ በጣቱ ይሞክረዋል። ከዚያ ማስተካከያውን ስቦ ይወጥረውና ክብደቱን በከፊል ያሳርፍበታል። የላይኛው መያዙን በሰውነቱ ካረጋገጠ በኋላ ብቻ የታችኛውን ይፈታል። ቅርንጫፉን ካለፈ በኋላ ቀጣዩ ሲመጣ ሁለቱ ላንያርዶች ተራ ይቀያየራሉ።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን አለማፋለስ ነው፦ እሰር፣ ጫን፣ ከዚያ ፍታ። ድካም ሲበዛ የሚዘለለው መካከለኛው ነው። «ጫን» ሲዘለል ሠራተኛው ታሰርኩ ብሎ የሚፈታው ገመድ የያዘው ብቸኛ ገመድ ሊሆን ይችላል።

መጋዙም ገመድ አለው

ዛፍ ላይ የሚወጣው ሁሉ መውደቅ ይችላል። 4 ኪሎ የሚመዝን መጋዝ ከ15 ሜትር ላይ ቢያመልጥ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ነው። መሬት ላይ ቅርንጫፍ የሚሰበስብ ባልደረባ የራስ ቁር ቢያደርግም ይህን ለመቋቋም አልተሠራም። ስለዚህ መጋዙም በአጭር ማንጠልጠያ ከሃርነሱ ጋር ይታሰራል።

የመጋዝ ማንጠልጠያ ግን ከሰው ማሰሪያ የተለየ ጠባይ ሊኖረው ይገባል። የመጋዙ ምላጭ በሚወድቅ ግንድ ውስጥ ተነክሶ ቢቀር፣ ግንዱ መጋዙን ይዞ ሲሄድ ሠራተኛውንም ይጎትተዋል። ለዚህ የሚሠሩ ማንጠልጠያዎች ከባድ ጉተታ ሲመጣ ሆን ብለው የሚላቀቁ አሏቸው። ሰውን የሚይዘው ገመድ ምንም ቢመጣ እንዳይለቅ ይሠራል፤ መጋዝን የሚይዘው ጊዜው ሲደርስ እንዲለቅ ይሠራል። ሁለቱን ማሳሳት፣ ለምሳሌ መጋዙን በሰው ላንያርድ ማሰር፣ ሁለቱንም ያበላሻል።

በእጅና በዓይን መመርመር

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው አባባል ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል። ገመድ በሰው ፊት አያረጅም፤ ፀሐይ፣ ሙጫ፣ አሸዋና ዝናብ ቀስ በቀስ ይበሉታል። ጥሩ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ መካከል ያሳልፋል፤ በየክንዱ ያህልም ያጥፈዋል። ጤነኛ ገመድ ሲታጠፍ እኩል ክብ ይሠራል። በአንድ ቦታ ድንገት ስል እጥፋት ከታየ፣ ወይም በጣት መካከል ለስላሳና ባዶ ነገር ከተሰማ፣ ልባሱ ጤነኛ ቢመስልም እምብርቱ ተጎድቷል ማለት ነው። የሚያብለጨልጭና የደረቀ ቦታ ሙቀት ያቀለጠው ነው። የብረት ሽቦ ባለው ላንያርድ ላይ ደግሞ ልባሱን ወግቶ የወጣች አንዲት የሽቦ ክር በቂ ምልክት ናት፤ በውስጥ የተሰበሩትን አትነግርም።

ካራቢነር ምላሷ ሳትገፋ ራሷ ካልተመለሰች፣ ወይም ገመድ የሞረዳት ጎድጓዳ መስመር ከተገኘባት ከሥራ ትወጣለች። ከሥራ የወጣ ዕቃ ደግሞ መጋዘን ጥግ አይጣልም፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ገመዱ ይቆራረጣል። ብዙ አምራቾች ለጨርቅና ለገመድ ዕቃ፣ ምንም ጉዳት ባይታይበት እንኳ፣ ከተመረተበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመትን የመጨረሻ ዕድሜ ያደርጋሉ። በእንግሊዝ ሰውን የሚያነሳ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው ደንብ መሠረት በየ6 ወሩ ብቃት ባለው ሰው ይመረመራል። እዚህም ደጀኑ ሁለተኛ ዓይን ነው፤ ባለቤቱ የለመደውን ጉድለት ሌላ ሰው ያየዋል።

የመጨረሻው ደጀን ሰው ነው

ገመዶቹ ሁሉ ሥራቸውን ሠርተው ሰውየው አልወደቀም እንበል። ነገር ግን ቅርንጫፍ መትቶት ራሱን ስቶ በሃርነሱ ተንጠልጥሏል። ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ ወደ እግሮቹ ይከማቻል፤ ወደ ልብና ወደ አንጎል የሚደርሰው ይቀንሳል፤ ሁኔታው በደቂቃዎች ውስጥ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። አምቡላንስ ቢደርስም የአምቡላንስ ሠራተኛ ዛፍ አይወጣም።

ስለዚህ መሬት ላይ የሚቆመው ባልደረባ ቅርንጫፍ ጎታች ብቻ ሊሆን አይገባም። መውጣት የሚችል፣ የራሱ ሃርነስና ገመድ ያለው፣ የተጎዳን ሰው እንዴት እንደሚያወርድ የተለማመደ መሆን አለበት። አንዱ ሠራተኛ ብቻ መውጣት የሚችልበት ቡድን ስንት ገመድ ቢኖረው ደጀን የለውም።

በደጃችን ያለው ዛፍ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። በምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ በየሰፈሩ አለ፤ በቤት ጣራና በመብራት መስመር ላይ ያዘነበለውን ለመቁረጥም የሚወጡ አሉ። በካፋና በሸካ ጫካዎች ንብ አናቢዎች ባህላዊ ቀፎ በረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ፤ የመውጣት ጥበባቸው ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው። የሞተር መጋዝ ሲጨመርበት ግን ሥራው ሌላ ሥራ ይሆናል፤ ለመውጣት የሚበቃው ጥበብ ተቀምጦ ለመቁረጥ አይበቃም። የጭነት ማሰሪያ የነበረ፣ ዕድሜውና ታሪኩ የማይታወቅ ገመድ ለዚህ አይሆንም። ዛፉ ከመብራት መስመር ጋር የተጠጋ ከሆነ ደግሞ መስመሩ በባለቤቱ መሥሪያ ቤት እስኪቋረጥ ድረስ የሚወጣ ሰው ሊኖር አይገባም።

በአሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች ከሌላኛው ወገን ይገጥማቸዋል፤ ጓሮአቸው ያለውን ትልቅ ዛፍ የሚያስቆርጡ የቤት ባለቤቶች ናቸው። በሜሪላንድ ለምሳሌ ይህን ሥራ በክፍያ የሚሠራ ሰው ከግዛቱ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱንና የመድን ማስረጃውን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ከዚያም በመስኮት ማየት ይቻላል። መጋዙ ሲነሳ ሠራተኛው በሁለት ነገር ታስሯል? መሬት ላይ ያለው ሰው ሃርነስ አለው? ለመከርከም ብቻ የመጣ ሰው እግሩ ላይ ሹል ብረት አስሮ በሕያው ዛፍ ላይ ከወጣ፣ ዛፉን እያቆሰለ መሆኑን ማወቅም ይጠቅማል።

አገር ቤት ይህን ሥራ በማኅበር ተደራጅተው ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች ገንዘባቸውን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያወጡት በመጋዝ ላይ ነው፤ ሥራውን የሚያመጣው እሱ ይመስላልና። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። መጀመሪያ ሥልጠና፣ ከዚያ ሁለት ሃርነስ ከነሙሉ ገመዳቸው፣ አንዱ ለሚወጣው፣ አንዱ መሬት ላይ ለሚቆመው። ከዚያ ያለ ሞተር፣ በእጅ መጋዝ ብቻ፣ ዝቅ ባሉ ቅርንጫፎች ላይ ልምምድ፤ አንዱ ራሱን እንደሳተ ሆኖ ሌላው እስኪያወርደው ድረስ። የሞተር መጋዙ የሚገዛው ይህን ማድረግ ሲችሉ ነው።